የሦስተኛው ጠረጴዛ ዝናብ

«ይህ የዘንድሮው ነው?»

አባቷ ይሻው ይህን ሲጠይቃት ጣቱን ካርዱ ላይ አድርጎ ነበር። ፍቅርአዲስ ካርዱን አንብባ መጨረሷ ነው። «ዝናቡ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ቀድሞ የዘራ ሰው ዘሩ መሬት ውስጥ ደርቆ ቀረ። አራት ባቄላ ይመልስ» ይላል። ከጽሑፉ በላይ የተሰነጣጠቀ መሬትና አንዲት ትንሽ ደመና ተሥለውበታል።

«የጨዋታው ነው፣ አባዬ።»

«የጨዋታው መሆኑንስ አየሁ። የየትኛው ዓመት ነው?»

ካርዱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ዓመት አልተጻፈም። ተመራማሪዋን ሰላማዊትን በዓይኗ ፈለገቻት፤ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ከሰዎች ጋር ትስቃለች። «እንጃ» አለች ፍቅርአዲስ።

ቀኑ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ ቦታው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ የሚገኘው የቀበሌያቸው የገበሬዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ ነው። ሰላማዊትና ዳኛቸው የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ነበር። ማወቅ የፈለጉት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለገበሬ እንዴት ቢነገር በደንብ እንደሚሰማ ነው። ስብሰባ ላይ ንግግር ማድረግ እንዳላዋጣ ሰላማዊት ስትናገር ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ስብሰባን ያውቃታላ። ስለዚህ ጨዋታ ይዘው መጡ። በየጠረጴዛው ላይ ማሳ የተሣለበት ጨርቅ ተዘረጋ። ባቄላው ምርት ነው። ተጫዋቹ ምን እንደሚዘራና መቼ እንደሚዘራ ይመርጣል፤ ከዚያ አንድ ካርድ ይወጣና የሰማዩን ነገር ይናገራል። አምስት ዙር ይጫወታሉ፤ በመጨረሻ ቁጭ ብለው ይወያያሉ።

ጠረጴዛዎቹ አራት ናቸው፤ በእያንዳንዱ አራት ሰው ይቀመጣል። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ከዘጠነኛ ክፍል አራት ተማሪዎች ተመረጡ። ሥራቸው ካርዱን መበወዝ፣ ማንበብና በመጨረሻ ሰዎቹ በውይይቱ ያሉትን መጻፍ ነው። ፍቅርአዲስ ሦስተኛው ጠረጴዛ ደረሳት። እዚያ የተቀመጡት አባቷ፣ ወንድሟ ሙሉቀን፣ ጎረቤታቸው ሚሚና ሽማግሌው አያ ፋንታው ነበሩ።

«እንዲያው ይህ ድርቅ እኔን ተከትሎ ነው የመጣው?» አለች ሚሚ። ከኩዌት ከተመለሰች ገና ስምንት ወሯ ነው። «አምስት ዓመት ሙሉ አሸዋ ሳይ ኖሬ፣ እዚህም አሸዋ?»

«አንቺስ አምስት ዓመት ነው፤ እኔ ይህችን ባቄላ አሁን ገና አገኘኋት» አሉ አያ ፋንታው ባቄላቸውን በመዳፋቸው ከልለው። «አልመልስም። ልጄ፣ አንድ ብቻ ውሰጂና ዝም በይ።»

«አራት ነው የሚለው፣ አያ።»

«ካርዱ ይላል እንጂ አንቺ ምን ቸገረሽ?»

በአምስት ዙር ውስጥ የዘገየው ዝናብ ሦስት ጊዜ ወጣ። ሙሉቀን ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚዘራ ከእጁ ባቄላ አለቀ። አባቱ ከራሱ ድርሻ ሦስት ባቄላ ቆንጥሮ በጨርቁ ላይ ወደ እሱ ገፋለት።

«አቶ ይሻው፣ በሕጉ መስጠት አይፈቀድም» አለ ዳኛቸው እየሳቀ።

«ልጄ እኮ ነው!» አለ ይሻው። እሱ አልሳቀም።

ያልሳቀበትን ምክንያት ፍቅርአዲስ ታውቃለች። ሙሉቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም። ባሕር ዳር ሄዶ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ሊሠራ ተነሥቶ ሳለ ነው አባቱ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ማሳ የሰጠው። «ገብስ ዝራበት። የሚገኘው ሁሉ ያንተ ነው። ካልሆነ ያን ጊዜ ትሄዳለህ» ብሎታል። ፍቅርአዲስ ወንድሟ እንዲሄድ አትፈልግም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ትምህርት ቤት የሚያሻግራት እሱ ነው። ሒሳብ ሲያስቸግራት ሳይቆጣ የሚያስረዳትም እሱ ነው። ገብሱ ከያዘ ይቀራል፤ ካልያዘ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነበር።

የውይይቱ ሰዓት ደረሰ። ተመራማሪዎቹ የነበራቸው የድምፅ መቅረጫ አንድ ብቻ ስለሆነ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የሌሎቹን ተማሪዎቹ ይጽፉታል። ፍቅርአዲስ ቅጹ እንዳይበላሽባት መጀመሪያ በደብተሯ ልትጽፍ፣ ከዚያ ልትገለብጥ አሰበች። ጥያቄውን ጮክ ብላ አነበበች፤ «ከጨዋታው ምን ተረዳችሁ?»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገብቶናል። ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል። በግልጥ ልትነግሩን ስላልፈለጋችሁ በጨዋታ ነገራችሁን። እግዜር ይስጥልን።»

አያ ፋንታው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተማረ ሰው ነዳጅ አቃጥሎ ባቄላ ሊቆጥር አይመጣም» አሉ።

ሚሚም ሙሉቀንም ተስማሙ።

ፍቅርአዲስ የአባቷን ቃል እንዳለ ጻፈችው። ከዚያ መልሳ ስታነብበው ፊቷን አቃጠላት። ጠዋት ደሳለኝ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ፣ የሁለተኛው ጠረጴዛ አንባቢ፣ «ዛሬ በገጠሬነታችን ሙድ ይያዝብናል፣ ታያለሽ» ብሏት ነበር። ሰላማዊት ይህን ወረቀት ቢሮዋ ወስዳ ለባልደረቦቿ ስታነብ፣ እነሱም ሲሳሳቁ ታያት። አባቷ ላይ ሲሳሳቁ። በመካከል ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መስመር ስባ ሰረዘቻቸው። ቅጹ ላይ በቆንጆ ጽሕፈት የገለበጠችው ይህን ብቻ ነው፤ «ጨዋታው ገብቶናል። እግዜር ይስጥልን።»

ሰላማዊት ቅጹን ተቀብላ አነበበችና ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል!»

ግንቦት ሲጋመስ አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው ፈንታሁን በሬውን እየነዳ ደጃቸው መጣ። ይሻው ያለው አንድ በሬ ነው፤ ፈንታሁንም አንድ። በየዓመቱ ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው የአንዱን ማሳ አርሰው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ፍቅርአዲስ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ይህ ተጓድሎ አያውቅም።

«አያ ይሻው፣ በሬውን አውጡት እንጂ! ጊዜው እየሄደ ነው።»

«የምን ጊዜ? ዘንድሮ ይዘገያል። ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን።»

«ማን ነው ይዘገያል ያለ?»

«ያን ቀን አዳራሽ አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ እንጂ! እኛ ጠረጴዛ ዝናቡ ቀደመ። ያዘገየው ነው የተራበው።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ቤት ውስጥ ሆና የምትሰማው ፍቅርአዲስ ጣሳዋን አስቀምጣ ወደ በሩ ተጠጋች። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ደሳለኝን ይዛ ጠየቀችው። ደሳለኝ የፈንታሁን ልጅ ነው።

«አዎ፣ እኛ ጋ ‹ቀደመ› የሚለው አራቴ ወጣ» አለ። «እኔ እኮ ስበውዝ በደንብ አልበወዝኩም። ከላይ ከላይ ነው።»

«ለአባትህ ነገርከው?»

«ነገርኩት። ‹አንተ ምን ታውቃለህ› አለኝ። የአንደኛው ጠረጴዛ ሰዎች ደግሞ በረዶ ነው የወጣላቸው፤ ስንዴ አንዘራም ብለዋል አሉ።» ሳቀ። «ነገሩ ያስቃል እኮ!»

«አያስቅም።»

«ምን አገባሽ ታዲያ? ካርዱን አንቺ አልጻፍሽው!»

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ወደ አባቷ ሄደች። አጥር ይጠግናል።

«አባዬ፣ ካርዶቹን እኔ ነኝ የበወዝኳቸው። በዚህ በእጄ። እርስዎም አይተውኛል። ሌላ ሰው ቢበውዛቸው ሌላ ይወጣ ነበር።»

«የበወዝሽውስ አንቺ ነሽ። የጻፈው ማን ነው?»

«እነሱ ናቸው።»

«እነሱ ከየት አመጡት?»

እነሱ ከየት እንዳመጡት አታውቅም። ሰላማዊት በንግግሯ መጀመሪያ «ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም» ያለችውን ግን ታስታውሳለች። እሱም እውነት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናቡ አንዴ ሲቀድም አንዴ ሲዘገይ አይታለች። ታዲያ አባቷን «ውሸት ነው» እንዴት ትበለው? እውነት ነው እንዴትስ ትበለው?

ቅጹ ላይ የሰላማዊት ስልክ ቁጥር ነበር፤ በደብተሯ ጽፋዋለች። ኔትወርክ ፍለጋ ከአባቷና ከሙሉቀን ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጡ። ሁለት ቀን «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም» የሚለውን ድምፅ ሰምተው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ሰላማዊት አነሣች። ፍቅርአዲስ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«ቲቸር፣ ሰዎች ካርዱን የዘንድሮ ነው ብለው ይዘውታል።»

«ወይኔ! አይደለም፤ ጨዋታ ነው በያቸው።»

ይሻው ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «እሺ ልጄ፣ ጨዋታ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በወቅቱ ይመጣል ማለትሽ ነው?»

«እሱን እንኳ… እሱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ አቶ ይሻው። ሊዘገይ ይችላል፤ ሊቀድምም ይችላል።»

ይሻው ቀና ብሎ ልጆቹን አየ። «አያችሁ፤ አልካደችም።»

«ቲቸር፣ እባክሽ…» አለች ፍቅርአዲስ።

«ግን እኮ» አለች ሰላማዊት፣ «የእናንተ ጠረጴዛ ወረቀት ላይ ‹ገብቶናል› ነው የሚለው። እኔ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ያሉት ነገር ነበር እንዴ?»

ፍቅርአዲስ አፏን ከፈተች። አባቷ ያያታል። ሙሉቀንም ያያታል። የሰረዘችውን ብትናገር አባቷ በእሱ ማፈሯን ያውቃል።

«አልነበረም» አለች።

ዝናቡ ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉና ተራራ በኩል መጣ። እንደ ድሮው፣ በወቅቱ። ሌሊቱን ሲጥል አደረ፤ በማግሥቱም ደገመ። ፈንታሁን በሬውን ከሌላ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ዘሩን አፈር አልብሶ ጨርሷል። ይሻው በር ላይ ቆሞ ያያል።

«የሚያታልል ዝናብ ነው» ይላል። «ዘሩን ያወጣና ጥሎት ይሄዳል። ካርዱም ይህንኑ ነው ያለ፤ ደርቆ ቀረ ነው ያለ።»

«አባዬ፣ ልዝራ!» አለ ሙሉቀን አንድ ጠዋት። «ቢጠፋም የኔው ነው።»

«ያን ቀን ባቄላህ አልቆ ማን ሰጠህ? ሁሌ መቅደም ነው ሥራህ። ጠብቅ!»

ሙሉቀን ጠበቀ። ዝናቡ ግን አልቆመም። ሦስቱ ሳምንት ሲሞላ ይሻው በሬውን አወጣ፤ የሚቀናጀው በሬ ግን የለም። የፈንታሁን በሬ አዲሱ ባልንጀራው ጋ ነው። ሚሚ በሬ የላትም፤ ሙሉ ተስፋዋ የእነሱ ጥማድ ነበር። አያ ፋንታው ብልኃተኛ ናቸው፤ አንዲት ጥግ በዶማ ቆፍረው ድንች ቀበሩ፤ የቀረውን መሬታቸውን ለከብት ሣር ተዉት። ይሻውና ሙሉቀን በሬ ፍለጋ በየቤቱ ሲዞሩ ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ሲገባ አንድ የሩቅ ዘመድ ለአራት ቀን በሬውን ሰጣቸው። መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ሞፈሩ እየሰመጠ፣ በሬዎቹ እየወደቁ የራሳቸውንና የሚሚን ማሳ ዘሩ። ፍቅርአዲስ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ጓል ትከሰክሳለች። ጓሉ ጭቃ ስለሆነ አይከሰከስም።

ገብሱ በቀለ፤ እንዲያውም አማረ። መስከረም ላይ ሲያዩት ልብ ይሞላል። ሚሚ ማሳዋ ዳር ቆማ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። «ኩዌት ላለችው እመቤቴ እልክላታለሁ» አለች፤ «የማልመለሰው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ።»

ጥቅምት ውስጥ የሌሎቹ ገብስ ቢጫ ሆኖ ጠንክሯል፤ የእነሱ ገና እሸት ነው። አንድ ጠዋት ፍቅርአዲስ ለትምህርት ቤት ስትወጣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አየችው። ውርጭ ነው። በማግሥቱም ደገመ። በሳምንቱ ሙሉቀን አንድ ዛላ ገብስ ቀንጥሶ መዳፉ ላይ አሸው። እፍ ሲለው ሁሉም በረረ። እጁ ላይ አንዲት ፍሬ አልቀረችም።

«ሙሌ» አለችው ፍቅርአዲስ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? አነበብሽ እንጂ።»

ይህ ቃል ከስድብ በላይ ዘለቃት። ልትነግረው አሰበች፤ እሱ ግን ወደ ቤት መንገድ ጀምሯል።

ኅዳር ውስጥ ፍቅርአዲስ እናቷን ካሰችን ደብተሯን ይዛ አገኘቻት። ካሰች በዚያ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች። ያገኘችውን ሁሉ ታነብባለች፤ የሳሙና ወረቀት፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የማዳበሪያ ከረጢት። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ ትሄዳለች።

«ገ… ብ… ቶ… ናል» አለች። ከዚያ የተሰረዘው መስመር ላይ ደረሰች። መስመሩ ፊደሎቹን አልሸፈናቸውም ነበር። ብዙ ቆየች። «ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል።» ጣቷ ቆመ። «ይህ ለምን ተሰረዘ?»

«አፍሬ ነው።»

«በማን?»

ፍቅርአዲስ ፊቷን አዞረች። ካሰች አልተቆጣችም። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ደጁ ታይ ጀመር።

«እኔም ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ውኃ ሳድል አባትሽ ሲናገር ሰምቼዋለሁ» አለች። «ልክ እንዳልሆነም ጠርጥሬ ነበር። ልናገር ብዬ አንቺ ስትጽፊ አየሁሽ። ከተጻፈ ይደርሳቸዋል፤ ከተሳሳትንም ያርሙናል ብዬ ዝም አልኩ።» ደብተሩን መለሰችላት። «እኔ የተጻፈ ሁሉ ይደርሳል ይመስለኝ ነበር።»

ተመራማሪዎቹ በጥር ተመለሱ። ያው አዳራሽ፣ ያው ጠረጴዛ ነው። ሰላማዊት ፍቅርአዲስን አቅፋ ሳመቻት። «የናንተ ጠረጴዛ ጨዋታውን በጥሩ ሁኔታ ከተረዱት አንዱ ነው» አለቻት፤ «ሪፖርቱ ላይ አስገብተነዋል።» አዲስ ቅጽም ሰጠቻት። በቅጹ አናት ላይ በሚያዝያ የተጫወቱት አራት ሰዎች ስም ተጽፏል፤ በየስማቸው አንጻር «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ይሞላል። ከሥሩ የውይይቱ ጥያቄ አለ።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወንበር ባዶ ነው። ይሻውና አያ ፋንታው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፍቅርአዲስ ጥያቄውን አነበበች፤ «ከባለፈው ጨዋታ በኋላ ምን ለወጣችሁ?»

አያ ፋንታው ወደ ይሻው አዩ። ይሻው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። ዳኛቸው ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል። እንግዳ ነው፤ ከሩቅ ነው የመጣው፤ ክፉ ነገርም አላደረገም።

«ጨዋታው ገብቶናል» አለ ይሻው። «እግዜር ይስጥልን።»

ከዘጠኝ ወር በፊት እሷ የፈጠረችው ቃል፣ ፊደል ሳይጎድል፣ ከአባቷ አፍ ወጣ። ቀና ብላ አየችው። አላያትም። አሁን የሚያፍረው እሱ ነበር።

ያለውን ጻፈች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አሮጌውን ደብተር አወጣች። የተሰረዘውን ገጽ ፈለገችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከአባቷ የዛሬ መልስ ሥር «በሚያዝያ የተናገሩት ይህ ነበር፤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። ቃሉንም አንድ ሳታስቀር ገለበጠችው። በዚህ ጊዜ ጽሕፈቱ አላማረም።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለ አባቷ በቀስታ።

«እርስዎ ያሉትን፣ አባዬ።»

ይሻው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

የቀረው የስም ዝርዝሩ ነው። «የለም» የሚለው ቃል ለሞተም፣ ለታመመም፣ ገበያ ለሄደም ያው ስለሆነ አልበቃትም። በጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በራሷ ቃል ሞላችው። ይሻው አለ። አያ ፋንታው አሉ። ሚሚ በታኅሣሥ ወደ ኩዌት ተመልሳለች። ሙሉቀን ባለፈው ማክሰኞ በአንበሳሜ ከተማ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሄዷል።